አምስተኛው ፈቃድ፤ ከሩቅ ሜዳ ስለሚመጣ የፈረስ ግልቢያ ውርርድና ስለ መንግሥት ሕግ

ውርርድ የሚለው ቃል ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው ነገራቸውን ሲያስረዱ፥ ቃላቸውን ለማጽናት ማር ወይም በቅሎ ወይም ፈረስ እያሉ ይወራረዱ ነበር። የተረታውም ወገን የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍል ነበር። ይህ ልማድ ተሟጋቹ ያለ ማስረጃ እንዳይናገር ያስፈራው እንደ ነበር አይካድም። ዳሩ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮት ይኖር ነበር፤ ይኸውም ከውርርዱ የሚጠቀመው ዳኛው ራሱ ከሆነ፥ ዳኛው የሚወድደው ውርርዱ እንዲበዛ ነው ወይስ እንዲያንስ ነው? የሚል ነው።

ይህን የቆየ ነገር ያነሣነው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ይኸው ጥያቄ ዛሬም በታላላቅ መንግሥታት ፊት ቆሞ ስለሚገኝ ነው። መንግሥት ውርርድን በሕግ ሲቈጣጠር ጠባቂ ነው፤ ከውርርዱ ግብር ሲቀበል ደግሞ ተካፋይ ነው። በአንድ እጅ ጠባቂነት፥ በሌላው እጅ ተካፋይነት እንዴት ይስማማሉ? ይህን ለመረዳት በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለውን የፈረስ ግልቢያ ሕግ እንደ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩ ምንነት

በጥንት ጊዜ በፈረስ ግልቢያ የሚወራረድ ሰው ወደ ሜዳው መሄድ ነበረበት። የእኛ አባቶች ጃን ሜዳ ወጥተው ጉግሱንና ሽቅድምድሙን በዐይናቸው እንዳዩ፥ በሌላውም አገር ተመልካቹ ፈረሱን፥ ጋላቢውንና የሜዳውን ጭቃ እያየ ነበር የሚፈርደው። ሜዳው ሲዘጋ ውርርዱም አብሮ ይዘጋ ነበር። ቀጥሎ ግን ቴሌግራፍ መጣ፤ ስልክ መጣ፤ ቴሌቪዥን መጣ፤ በመጨረሻም ሁሉን በአንድነት የያዘ የእጅ ስልክ መጣ። በዚህም ምክንያት በኒው ዮርክ የሚሮጠውን ፈረስ በካሊፎርኒያ የተቀመጠ ሰው በዚያችው ቅጽበት እያየ ሊወራረድበት ቻለ። ከሩቅ ሜዳ የመጣ ግልቢያ የምንለው ይህ ነው።

እንግዲህ የመጣው ምን እንደ ሆነ እናስተውል። ፈረሱ አልመጣም፤ መልኩ ብቻ ነው የመጣው። ባልደራሱ፥ ጋላቢው፥ ድርቆሹና ጋጣው ሁሉ በዚያው በሩቁ ሜዳ ቀርተዋል። ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው ግን ገንዘብ ነው። ጨዋታው ከሥፍራው ተለይቶ በተጓዘ ጊዜ፥ ገንዘቡም ከሥራው ተለይቶ መጓዝ ጀመረ። ሕግ ያስፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

የውርርዱም አሠራር ይህ ነው። በ1860ዎቹ ዓመታት ዦዜፍ ኦለር የተባለ ሰው በፓሪስ አንድ ዘዴ አወጣ። በዚህ ዘዴ ተወራራጆች የሚጫወቱት ከቤቱ ባለቤት ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው። ገንዘቡ ሁሉ በአንድ የጋራ ሣጥን ይሰበሰባል፤ ከዚያ ላይ ለሜዳው፥ ለፈረስ ባለቤቶችና ለመንግሥት የሚሆን ተቀናሽ ይወሰዳል፤ የቀረው ላሸነፉት ይከፋፈላል። በአሜሪካ ይህ ተቀናሽ እንደ ውርርዱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው 15 እስከ 25 ይደርሳል።

ለምሳሌ በሣጥኑ 10,000 ዶላር ተሰብስቦ ከመቶው 20 ቢቀነስ፥ 2,000 ይወጣና 8,000 ይቀራል። ባሸነፈው ፈረስ ላይ የተጣለው ገንዘብ 2,000 ዶላር ቢሆን፥ አንዱን ዶላር የጣለ አራት ዶላር ይወስዳል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ትርፉ ብዙ ነው ብሎ ይደነቃል። ዳሩ ግን ተወራራጆችን በአንድነት እንደ አንድ ሰው አድርገን ብንቈጥራቸው ሒሳቡ ይለወጣል። 100 ዶላር ይዘው ገቡ እንበል። ከመጀመሪያው ግልቢያ በኋላ በእጃቸው 80 ይቀራል። ያንኑ መልሰው ቢጥሉት 64 ይሆናል፤ ከሦስተኛው በኋላ 51፥ ከአራተኛው በኋላ 41፥ ከአምስተኛው በኋላ 33 ዶላር ያህል ብቻ ይቀራል። አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል፤ ሣጥኑ ግን በየዙሩ ይጐድላል።

በዚህ ላይ የሩቁ ግልቢያ የጨመረውን ነገር እንመልከት። በአንድ ሜዳ በቀን የሚደረገው ግልቢያ በቍጥር የተወሰነ ነው፤ በአንዱና በሁለተኛው መካከልም ፈረሶቹ እስኪዘጋጁ ድረስ የማረፊያ ጊዜ አለ። የብዙ ሜዳዎች ምስል በአንድ ክፍል ሲሰበሰብ ግን ማረፊያ የለም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። አስቀድሞ በአንድ ቀን ይደረግ የነበረው አምስት ዙር አሁን በአንድ ሰዓት ሊፈጸም ይችላል።

ይህን ከዕቁባችን ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዕቁብም ዕጣ ይወጣል። ዳሩ ግን የዕቁቡ ዕጣ የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ የጣለውንም ያገኛል። በውርርድ ግን የአንዱ ደስታ በሌላው ኪሳራ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ዕጣ ሁሉ ቁማር ነው ማለት ስሕተት እንደ ሆነ፥ ቁማርንም እንደ ዕቁብ መቍጠር ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው።

ሕጉ እንዴት እንደ ተወለደ

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የግልቢያ ውርርድን ከልክለው ነበር። በኒው ዮርክ ቻርልስ ኤቫንስ ሂዩዝ ገዥ በነበረበት ጊዜ በ1908 የወጣው ሕግ እጅግ ስለ ጠበቀ፥ በ1911 እና በ1912 በዚያ ግዛት ግልቢያ ጨርሶ ቆሞ ነበር። ከ1929 በኋላ ግን ታላቅ የኢኮኖሚ ችግር ደረሰ፤ የመንግሥት ሣጥንም ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ግዛቶች አሳባቸውን ለወጡ። ካሊፎርኒያ በ1933፥ ኒው ዮርክም በ1939 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የጋራ ሣጥኑን ውርርድ ፈቀዱ። እንግዲህ በሩን የከፈተው የሕዝቡ ጠባይ መሻሻል ሳይሆን በአመዛኙ የግብር ፍላጎት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

በ1961 የአሜሪካ ኮንግረስ የውርርድ ነጋዴዎች ከግዛት ወደ ግዛት በሽቦ ውርርድ እንዳያስተላልፉ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የኒው ዮርክ ከተማ ግን በ1971 ከሜዳ ውጭ፥ በከተማው መንገድ ዳር፥ መንግሥታዊ የውርርድ ቤቶችን ከፈተ። አሳቡ ገንዘቡ በስውር ወደሚያቋምሩ ሰዎች ከመሄድ ይልቅ ለከተማው ጥቅም ይዋል የሚል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ሙግት ተነሣ። የሜዳ ባለቤቶችና ፈረስ አሠልጣኞች ፈረሱን የምናበላው እኛ፥ ሜዳውን የምናስጠብቀው እኛ ነን፤ ሰው ግን ከቤቱ ደጃፍ ተወራርዶ ወደ ሜዳ መምጣቱን ከተወ በምን እንኖራለን? አሉ። ሙግቱም እውነት ነበረው።

ከዚህ በኋላ በ1978 በግዛቶች መካከል ስለሚደረግ የፈረስ ግልቢያ ውርርድ ኮንግረስ ልዩ ሕግ ደነገገ። ሕጉ በየግዛቱ ወሰን ውስጥ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን የቁማር ዓይነት የመወሰን ዋና ኀላፊነት የየግዛቱ ነው ብሎ ይነሣል። ቀጥሎም በሌላ ግዛት በሚሮጥ ፈረስ ላይ ውርርድ መቀበል የሚፈልግ ሁሉ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል።

የመጀመሪያው ፈቃድ ግልቢያው ከሚደረግበት ሜዳ ማኅበር የሚሰጥ ነው፤ ይህም ማኅበር አስቀድሞ ከፈረስ ባለቤቶችና ከአሠልጣኞች ወገን ጋር በጽሑፍ መስማማት አለበት። ሁለተኛው ግልቢያው ከሚደረግበት ግዛት የግልቢያ ኮሚሽን ነው። ሦስተኛው ውርርዱ ከሚቀበልበት ግዛት ኮሚሽን ነው። አራተኛው ደግሞ ከውርርዱ ቤት በ60 ማይል፥ ማለት በ97 ኪሎ ሜትር ያህል ክልል ውስጥ በሥራ ላይ ካሉት ሜዳዎች ሁሉ ነው፤ በዚያ ክልል ሜዳ ባይኖር በአጐራባች ግዛት ያለው የቅርቡ ሜዳ ይጠየቃል። በ2000 በተደረገው ማሻሻያም በስልክና በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረገው ውርርድ፥ በሁለቱም ግዛቶች የተፈቀደ እስከ ሆነ ድረስ፥ በዚህ ሕግ ውስጥ ተጠቃለለ።

በሕጉ ውስጥ ያለው መልካም ነገር

ይህን ሕግ በቅን ልቡና ስንመለከተው ሦስት መልካም ነገሮችን እናገኝበታለን።

መጀመሪያ፥ የደካማውን ዋጋ ያስባል። ፈረሱን በሌሊት ተነሥቶ የሚያጥበውና የሚቀልበው ሰው በሩቅ ከተማ በድካሙ በሚደረገው ንግድ ድርሻ ሊኖረው ይገባል ማለቱ የፍትሕ ነገር ነው።

ሁለተኛ፥ ጎረቤትን ያከብራል። የ60 ማይሉ ትእዛዝ የሩቁ ግልቢያ የቅርቡን ሜዳ ሳይጠይቅ በደጃፉ ገበያ እንዳይከፍት ይከለክላል። ቁማርን ሁሉ የከለከሉት እንደ ዩታና እንደ ሃዋይ ያሉ ግዛቶችም የሌላው ፈቃድ ወሰናቸውን ጥሶ እንዳይገባባቸው መብታቸው ተጠብቆላቸዋል።

ሦስተኛ፥ ቍጥጥር ባለበት ተንኰል ሊገለጥ ይችላል። በጥቅምት ወር 2002 በቺካጎ አጠገብ በነበረው በአርሊንግተን ሜዳ አንድ ታላቅ ግልቢያ ተደርጎ ነበር። ከውርርዶቹ አንዱ የስድስት ግልቢያዎችን አሸናፊ በተከታታይ ማወቅን የሚጠይቅ ነበር። በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኝ የውርርድ ቤት በስልክ ተመዘገበ የተባለ አንድ ውርርድ ስድስቱንም አግኝቶ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊወስድ ተቃረበ። ነገሩ ሲመረመር ግን፥ በዚያን ጊዜ የውርርዱ ዝርዝር ወደ ሩቁ ሜዳ የሚተላለፈው ከአራተኛው ግልቢያ በኋላ ስለ ነበረ፥ የውርርድ መኪናዎቹን የሚጠብቅ አንድ ባለሙያ የአራቱን አሸናፊዎች ካወቀ በኋላ መዝገቡን እንደ ለወጠ ታወቀ። ገንዘቡ ሳይከፈል ተያዘ፤ እርሱና ሁለት ጓደኞቹም በፍርድ ተቀጡ። ሜዳውና ሣጥኑ በተራራቁ መጠን በመካከላቸው ያለው መንገድ የሌባ መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል ይህ ታሪክ በግልጥ ያሳያል። ስለዚህ ሕግ አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል።

ሕጉ ያልጠየቀው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ሕጉ አራት በሮችን አንኳኳ፤ የሜዳውን፥ የሁለቱን ግዛቶችና የጎረቤት ሜዳዎችን ፈቃድ ጠየቀ። እነዚህ አራቱ ሁሉ የገንዘቡ ተቀባዮች ወይም ተቈጣጣሪዎች ናቸው። ገንዘቡ ግን ከማን ይወጣል? ከተወራራጁ ነው። ተወራራጁስ ብቻውን ነውን? ብዙውን ጊዜ ሚስት አለችው፤ ልጆች አሉት፤ የሚጦራቸው አባትና እናት አሉት። የቤት ኪራይ፥ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የጤፍና የዘይት ዋጋ የሚከፈለው ከዚያው ኪስ ነው። ከቤተሰቡ ግን ፈቃድ የጠየቀ ማንም የለም። አምስተኛው ፈቃድ ብለን የሰየምነው ይህን ነው።

ሕግ አውጪውን በዚህ ብቻ አንወቅሰውም፤ የየቤቱን በር ማንኳኳት ለማንኛውም መንግሥት አይቻለውምና። ነገር ግን መንግሥት የድርሻ ተካፋይ በሆነ መጠን የተሸናፊውን ጩኸት ለመስማት ጆሮው እንዳይከብድ ያሠጋል። የመንግሥት ድርሻ ከተሰበሰበው ሁሉ ላይ ሲቈረጥ፥ ሕዝቡ አብዝቶ በተወራረደ ቍጥር ገቢው ይጨምራል። በዚህ ጊዜ መንግሥት እንደ ቀድሞው ባለማር ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ይህም ገቢ ቢሆን የታመነ አይደለም። ለከተማው ሀብት ያመጣል ተብሎ የተቋቋመው የኒው ዮርክ ከተማ የውርርድ ድርጅት ዕዳ ውስጥ ገብቶ በታኅሣሥ 2010 ተዘጋ። ከአሜሪካ ውጭም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በሲንጋፖር የግልቢያ ማኅበር በ1842 ተመሥርቶ ከ180 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። የተመልካቹ ቍጥር እያነሰ ስለ ሄደና መሬቱም ለቤት መሥሪያና ለሌላ ጥቅም ስለ ተፈለገ፥ ጥቅምት 5 ቀን 2024 የመጨረሻው ግልቢያ ተደረገ። ሜዳው ተዘጋ፤ በሌሎች አገሮች ግልቢያ ላይ የሚደረገው ውርርድ ግን አልተዘጋም። እንግዲህ በአንድ አገር ፈረሱ፥ ባልደራሱና ጋላቢው ቀርተው ውርርዱ ብቻውን ሊኖር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ፈረስን ስለምወድ ነው የምወራረደው የሚል ሰው ይህን ቢያስብ፥ የወደደው ፈረሱን ይሁን ሣጥኑን ራሱን ሊመረምር ይችላል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ ይህ ሁሉ የባዕድ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን? ይል ይሆናል። በአሜሪካ የሚኖሩት ወገኖቻችን ግን በዚሁ ሕግ ሥር ይኖራሉ፤ የሩቁ ሜዳም በእጃቸው ባለው ስልክ ውስጥ ነው። በሀገራችንም ቢሆን ፈረሱ በኳስ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በሚደረጉ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ላይ የሚወራረዱ፥ በተለምዶ ቤቲንግ ቤት የሚባሉ ቤቶች ከብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ እያገኙ በከተሞቻችን ተስፋፍተው አይተናል። ተጫዋቹ በሩቅ አገር፥ ሜዳው በሩቅ አገር፤ ገንዘቡ ግን ከአዲስ አበባ ወጣት ኪስ ነው። በ1978 አሜሪካ የጠየቀችውን ጥያቄ እንኳ እኛ ገና በሚገባ አልጠየቅንም፤ ከዚያ ገንዘብ በመንደራችን ሜዳ ኳስ ለሚያለማምደው ሰው ምን ደረሰው?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ነገር የታወቀ ነው። በሐዋርያት ቀኖናዎች ካህኑም ምእመኑም ከቁማር እንዲርቅ ታዝዟል። ዕጣ ራሱ ርኩስ አይደለም፤ ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቈጠረው ከጸሎት በኋላ በወጣ ዕጣ ነው። ነገር ግን በመስቀሉ ሥር ወታደሮቹ በጌታ ልብስ ላይ የተጣጣሉትን ዕጣ እናስታውስ። የሌላው ሰው መከራ በዐይናቸው ፊት ሳለ፥ እነርሱ የሚያዩት ልብሱ ለማን እንደሚደርስ ብቻ ነበር። የቁማር ክፋቱ ይህ ነው፤ አጠገባችን ያለውን ሰው እንዳናይ ዐይናችንን ያሥረዋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሕግን የሚያወጡና የሚያስፈጽሙ ሰዎች የገቢውን መጠን ብቻ ሳይሆን የተሸናፊውን ቍጥር እንዲጠይቁ እንመክራለን። የዕድሜ ወሰኑ በወረቀት ብቻ ነው ወይስ በበሩ ላይም ይጠበቃል? ሰው በቀን የሚጥለው ገንዘብ ልክ አለውን? ልቆም እፈልጋለሁ፤ ስሜን ሰርዙልኝ ለሚለው ሰው የሚሰረዝበት መዝገብ አለውን? ማስታወቂያውስ ለሕፃናት ዐይን የተጋረደ ነውን? መልካም ሕግ የሚፈተነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ቤተሰብም የራሱ ሥራ አለው። የተያዘን ሰው በአደባባይ ማዋረድ ይበልጥ እንዲደበቅ ያደርገዋል እንጂ አያድነውም። ዕዳውን በስውር መክፈልም ለሚቀጥለው ውርርድ መንገድ መጥረግ ነው። የሚሻለው በጊዜ፥ በቀስታ፥ የሚያከብረው ሽማግሌና የንስሓ አባቱ ባሉበት ነገሩን ገልጦ መነጋገር፥ የቤቱንም ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ሌላው የትዳር ጓደኛ እንዲይዘው መስማማት ነው።

በመጨረሻም ወዳጃችን ሆይ፥ ልትወራረድ እጅህን ወደ ኪስህ በሰደድህ ጊዜ፥ ገንዘቡን ከመጣልህ በፊት ወደ ቤትህ ተመልሰህ አንድ ጊዜ ጠይቅ። ባለቤትህ ፊት ለፊትህ ቆማ፥ ልጆችህም እየሰሙ፥ ይህን ያህል ገንዘብ በሩቅ አገር ባለ ፈረስ ላይ ልጥል ነው፤ ትፈቅዱልኛላችሁን? በል። ይህን ቃል ለመናገር ካፈርህ መልሱን ዐውቀኸዋል ማለት ነው። አራቱን ፈቃዶች መንግሥት ይጠብቃቸው፤ አምስተኛውን ግን የሚጠብቅ ከአንተ በቀር ማንም የለም።